ማዶ የተሻገረ ደንበኛ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በአረፋ ሰሞን ከአዲስ አበባ፣ በተለይም ከመርካቶ፣ ወላጆቹን ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ከተማዋን ያጥለቀልቃታል። ለልብስና ለጫማ ነጋዴ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ያኔ ነው። የሚከተለው ምልልስም የሚካሄደው በዚያ ሰሞን ነው። ተነጋጋሪዎቹን ያዋቀርኳቸው እኔ ነኝ። አንዷ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ተምራ የጫማና የልብስ ሱቅ የከፈተች ወጣት ናት። ሌላው መርካቶ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያረጀ የእናቷ ወንድም ነው። የሚያወሩት ግን ከተማዋን የሚያውቅ ሁሉ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ነው። እኔንም ስላሳሰበኝ ነው የጻፍኩት፤ ምክንያቱም እዚህ አንድ ሱቅ ሲዘጋ አንድ ቤተሰብ ነው አብሮ የሚዘጋው።

ባለሱቋ ፦ እውነቱን ልንገርዎት አጎቴ፣ ገበያው ሞቷል። ዘንድሮ የአረፋ ሽያጭ እንኳ የአምናውን ግማሽ አይሞላም። ዶላሩ ነው የገደለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጫማው ከውጭ፣ ጨርቁ ከውጭ። ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ይደነግጣል፣ ይሄዳል።

አጎት ፦ ወዴት ነው የሚሄደው?

ባለሱቋ ፦ ወደ ቤቱ ነዋ።

አጎት ፦ ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ወንበር አውጥቼ ደጃፍሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አላየሁም። መንገዱን እየተሻገረ ማዶ ገባ። የማዶው ልጅ ጫማ የሚያመጣው አንቺ ከምታመጪበት ጅምላ ሻጭ ነው። ዶላሩ ለሱም ያው ነው።

ባለሱቋ ፦ እሱ ያረክሳል።

አጎት ፦ ገብቼ ጠየቅሁ። ያንኑ ጫማ ካንቺ 50 ብር አስበልጦ ነው የሚሸጠው።

ባለሱቋ ፦ 50 ብር አስበልጦ?

አጎት ፦ አዎ። ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ገባች። ሠራተኛሽ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። «34 ቁጥር አለ?» አለችው። ቀና ሳይል በአገጩ መደርደሪያውን አሳያት። ራሷ አወረደች፣ ራሷ ለልጇ አጠለቀችላት። ዋጋ ጠየቀችው፣ ነገራት። «ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ ልጄ፣ ሁለት ነው የምገዛው» አለች። «ካልቻልሽ ተይው» አላት። ሴትየዋ አልተቆጣችም። ጫማውን ከልጇ እግር አውልቃ፣ ወረቀቱን ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና «አላህ ገበያህን ያሙቀው» ብላ ወጣች። መርቃው ወጣች! ከዚያ ሁለቱንም ልጆች እየጎተተች ተሻገረች።

ባለሱቋ ፦ ለኔ አልነገረኝም።

አጎት ፦ ምን ብሎ ይንገርሽ? ሴትየዋስ ብትሆን ትነግርሻለች?

ባለሱቋ ፦ ለምን አትነግረኝም? በር ላይ «አስተያየት ካለዎት ይደውሉልን» ብዬ ቁጥሬን ለጥፌያለሁ። አንድ ሰው ደውሎ አያውቅም። ቅሬታ ከሌለ ደንበኛው ደስተኛ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

አጎት ፦ እዚህ ላይ ነው የምትሳሳቺው። መርካቶ ቢሆን ገዢው ፊትሽ ላይ ይናገርሻል፤ ምናልባት ሰድቦሽ ይሄዳል። ያማል፤ ግን ሰምተሻል። ቡታጅራ ላይ ደንበኛሽ ማነው? የጎረቤትሽ አክስት፣ የእድራችሁ ጸሐፊ፣ ሠርግሽ ላይ ቂጣ የጋገረች ሴት። አንቺን «ሠራተኛሽ አመናጨቀኝ» ብትል ነገር መፈለግ ይመስልባታል። እናትሽ ትሰማለች፣ ቅያሜ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይገባል። ለአንድ ጥንድ ጫማ ይሄን ሁሉ ማን ይፈልጋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ደግሞ ሰላምታው ከበፊቱ ይበልጥ ይሞቃል። መንገድ ላይ ሲያገኝሽ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቅሻል። አንቺም «ደንበኛዬ እኮ ነው» እያልሽ ትኖሪያለሽ።

(እዚህ ላይ አጎትየው ያነሳው ነገር ለኔ የጉዳዩ ሁሉ ሥር ነው። ስለ ደንበኛ አያያዝ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፈገግታና ንጽሕና ነው። በትናንሽ ከተሞቻችን ግን ትልቁ ችግር ባለቤቱ መክሰሩን ቢያውቅም ለምን እንደከሰረ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። ይሉኝታ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖራል፤ ነጋዴውን ግን ያሳውረዋል።)

ባለሱቋ ፦ እንዲህ ሲሉ ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። አልበርት ሂርሽማን የሚባል የኢኮኖሚ ሊቅ በፈረንጆች 1970 ያሳተመው መጽሐፍ አለ። ሐሳቡን ያገኘው ናይጄሪያ ላይ ነው። ከሰሜኑ አገር ኦቾሎኒ ወደ ወደብ የሚያጓጉዝ የመንግሥት ባቡር ነበረ፣ አገልግሎቱ የተበላሸ። ኋላ የጭነት መኪና ተፎካካሪ ሆኖ መጣ። ሰው የሚጠብቀው ባቡሩ ደንግጦ ይሻሻላል ብሎ ነው። አልተሻሻለም። ጥራት የሚያውቁት፣ ቢቆዩ ኖሮ ጮኸው የሚያስተካክሉት ነጋዴዎች ቀድመው ወደ መኪናው ሄዱ። ባቡሩ ዘንድ የቀረው የማይናገር ሰው ብቻ ሆነ። ሂርሽማን ያለው፣ ሰው ሲከፋው ሁለት መንገድ አለው ነው፤ ወይ ይናገራል ወይ ይሄዳል። መሄድ በጣም ሲቀል መናገር ይጠፋል።

አጎት ፦ ማዶ መሻገር ደግሞ ሃያ እርምጃ አይሞላም። የባቡሩንስ ኪሳራ ማን ቻለው?

ባለሱቋ ፦ መንግሥት።

አጎት ፦ ያንቺን ማን ይችልልሻል?

ባለሱቋ ፦ ... እቁቡ አይደለም መቼም።

አጎት ፦ እኛ ዘመን የነበረው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ነበር። ስኳርና ሳሙና በራሽን ካርድ ነው፣ ሰልፍ ነው። ሻጩ ቢያመናጭቅሽ፣ ቢያስቆምሽ፣ ተራሽ ሲደርስ «አለቀ» ብሎ ቢዘጋ የት ትሄጃለሽ? ሌላ ሱቅ የለም። ሻጭ ውለታ የሚውል፣ ገዢ የሚለማመጥ ሆኖ ነበር። ያ ሥርዓት ከወደቀ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው፤ ጠባዩ ግን ባንኮኒው ጀርባ ቀርቷል። ዛሬም ዘይት ወይም ስኳር በጠፋ ቁጥር አንዳንዱ ባለሱቅ ወዲያው ባለሥልጣን ይሆናል። ዕቃው የተረፈ ዕለት ሰው ያንን ፊት እንደማይረሳለት አያውቅም።

ባለሱቋ ፦ እሺ፣ የአገሬው ሰው ይቀየማል ልበል። ግን ግማሹ ገዢ መንገደኛ ነው። አንዴ አይቼው ሁለተኛ የማላየው ሰው።

አጎት ፦ ይሄን አባባል ክትፎ ቤት ነው የሰማሁት፤ አውቶቡስ የሚቆምበት ቤት። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ሾፌሩና ረዳቱ በነጻ ይበላሉ፤ ለነሱ የተመረጠ ሥጋ፣ ትኩስ ነገር ይቀርባል። ተሳፋሪውን ይዘው የመጡ እነሱ ናቸዋ። ስልሳ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶት አንድ ላይ ይገባል። ለብለብ ያዘዘው ቅቤው የረጋ ክትፎ ይመጣለታል። ቆጮው ከጠዋት ጀምሮ ተቆርጦ የደረቀ ነው። የእጅ ውሃ የለም። ሒሳቡ በቃል ነው የሚነገረው፣ ከየት እንደተደመረ አይታወቅም። መልስ ጠብቅ ይባላል፤ አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ መልሱን ትቶ ይሮጣል። ባለቤቱ «መንገደኛ ነው፣ አይመለስም» ይላል።

ባለሱቋ ፦ አይመለስማ።

አጎት ፦ መንገደኛ ማለት ማን መሰለሽ? ሆሳዕና ደርሶ በየሳምንቱ የሚመላለስ የባንክ ሠራተኛ፣ በቆሎና በርበሬ የሚጭን ነጋዴ፣ ልጁን ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አባት። በሚቀጥለው ጉዞው ከቤቱ ዳቦ ቋጥሮ ይመጣል፤ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዶ እግሩን ያፍታታል እንጂ አይገባም። በቤት መኪና የሚሄደው ደግሞ ከናካቴው እዚህ አይቆምም። አስቢው እንጂ! ክትፎ እኮ የጉራጌ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ተሰልፎ፣ ውድ ዋጋ ከፍሎ የሚበላው ምግብ ነው። መንገደኛው የምግቡ አገር ደርሶ ደረቅ ዳቦ ሲበላ ማየት አያንገበግብሽም?

ባለሱቋ ፦ ያንገበግባል። እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ ጓደኞቼ ሲመጡ አውቶቡስ የሚቆምበት ቤት አልወስዳቸውም።

አጎት ፦ አየሽ? አንቺም ለባለቤቱ አልነገርሽውም። በርበሬውንም ተመልከቺ። የማረቆ በርበሬ ስሙ ከአገር አገር ይታወቃል። ለሠርግ፣ ለዓመት ቀለብ የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ዛላውን በፈረሱላ ገዝቶ ይሄዳል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ማታ ውሃ ያርከፈክፍበታል፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ ሚዛኑም ያነሳል። ሁለት ሦስት ኪሎ ውሃ በበርበሬ ዋጋ ሸጠ ማለት ነው። ሴትየዋ ቤቷ ወስዳ ጆንያውን ስትፈታ መሐሉ ሻግቷል። የሻገተ በርበሬ ደግሞ ለጤናም መርዝ አለው። ተመልሳ መጥታ ልትጣላ? 130 ኪሎ ሜትር? አትመጣም። ለእህቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለእድርተኛዋ ትናገራለች። የጎዳት አንድ ነጋዴ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የገበያው ሁሉ ነው።

ባለሱቋ ፦ የነቢዩ ታሪክ ነው የመጣብኝ። ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም።

አጎት ፦ እሱኑ ልልሽ ነበር። በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገቡ፤ ከላይ ደረቅ የነበረው ከሥር እርጥብ ሆኖ ጣታቸውን ነካቸው። ምንድነው ይሄ ሲሉት ባለእህሉ ዝናብ መታው አላቸው። ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግኸውም ብለው ገሠጹት። ልብ በይ፣ አትሽጥ አላሉትም። ገዢው አይቶ ይወስን ነው ያሉት። ይህን እየሰማ ያደገ ነጋዴ ነው በርበሬ የሚያርሰው።

ባለሱቋ ፦ እኔ ያረስኩት የለም እንግዲህ። የኔ ጫማ ፊት ለፊት ነው ያለው።

አጎት ፦ ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽው ጽሑፍስ?

ባለሱቋ ፦ የቱ? «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው? ሁሉም ሱቅ የለጠፈው ነው። ካልለጠፍኩ ሰው ለሠርግ ለብሶበት መልሶ ያመጣልኛል። ደርሶብኛልም።

አጎት ፦ የሚያጭበረብር ገዢ የለም አልልም። ግን ባለፈው ወር ከገጠር የመጣ አባት ለልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝቶ ነበር። ቁጥሩ ጠበበ። በነጋታው ከነካርቶኑ፣ ጭቃ ያልነካውን ይዞ መጣ። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ቁጥር ቀይሩልኝ ነው ያለው። ሠራተኛሽ ግድግዳውን በጣቱ አሳየው። ሰውየው ማንበብ አይችልም። ጽሑፉ ምን እንደሚል ያነበበለት እዚያ የቆመ ሌላ ገዢ ነው። ይሄን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው።

ባለሱቋ ፦ ማን ነገረዎት?

አጎት ፦ ማንም ይንገረኝ። ቁጥሩ ሱቅሽ ውስጥ ነበረ ወይ?

ባለሱቋ ፦ ይኖራል። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቁጥር ከፍ ያለ አለን።

አጎት ፦ ታዲያ ምን ልትጎጂ ኖሯል? ምንም። ጫማ በጫማ ነው። አሁን ሰውየው ስምንት ልጆች አሉት፤ ሁሉም የሚጫሙት ከማዶ ነው። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባል የለ? ክፉ ሱቅ ደግሞ ለተፎካካሪው ደንበኛ ያሰማራል።

ባለሱቋ ፦ እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ይሄ ጽሑፍ በሕግም እንደማያስኬድ አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይባላል። ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ሸማቹ መጠየቅ ይችላል።

አጎት ፦ የጠበበ ጫማ ጉድለት ነው?

ባለሱቋ ፦ አይደለም፤ እሱን ሕጉ አያስገድደኝም። ቀዳዳ ወይም የተላቀቀ ሶል ከሆነ ግን ግድግዳዬ ላይ የጻፍኩት አያድነኝም። ሌላም አለ። አንቀጽ 14 ላይ ሸማቹ ዕቃ ስላየ፣ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። ደግሞ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራት የመጠበቅ መብት አለው።

አጎት ፦ ትሕትና አዋጅ ውስጥ ተጽፏል?

ባለሱቋ ፦ ተጽፏል።

አጎት ፦ ጠዋት ሱቅ እንደተከፈተ ዋጋ ጠይቆ ያልገዛውን ሰው «ገደ ቢስ» ብለው የሚያንጓጥጡት ሁሉ ሕግ እየጣሱ ነዋ!

ባለሱቋ ፦ አዎ። ዋጋ ለጥፎ ማሳየትም ግዴታ ነው። እኛ ግን የሰው ፊት እያየን ነው የምንጠራው። ከአዲስ አበባ ለአረፋ የመጣ መሆኑን በጫማው እናውቃለን፣ 200 እንጨምርበታለን።

አጎት ፦ እሱ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ሲያሳያት «ይሄንን እኮ እነ እገሌ በዚህን ያህል ገዙት» ትለዋለች። ለበዓል አገሩ መጥቶ ባዳ እንደሆነ ተሰማው ማለት ነው። እንደሱ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት የቤተሰቡን ልብስ ሁሉ ከመርካቶ ገዝቶ፣ መኪናው ላይ ጭኖ ነው የሚመጣው። ቡታጅራ ላይ ጀበና እንኳ አይገዛም።

(ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። የከተማው ነጋዴ «የአዲስ አበባ ልጆች አገራቸውን አይጠቅሙም» እያለ ያማርራል። ዋጋ በፊታቸው ልክ ሲጠራባቸው ምን እንደተሰማቸው ግን የሚጠይቃቸው የለም።)

ባለሱቋ ፦ እንግዲህ ሠራተኛውን ልጅ ላባርረው ነው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አጎት ፦ ሌላ ልጅ ታመጫለሽ፣ እሱም በስድስት ወሩ እንደዚሁ ይሆናል። ልጁን ነገርሽ እንጂ ራስሽን አላየሽም። ትናንት ሁለት ሰው በቆመበት ምን አልሽው? «ደደብ፣ ይሄን እንኳ አታውቅም?» አልሽው። አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ የመጣችው ናት ያቺ ሁለት ልጆች ይዛ የገባችው ሴት።

ባለሱቋ ፦ ... ተናድጄ ነው።

አጎት ፦ አውቃለሁ። እሱም ተናዶ ነው። ላንቺ መመለስ ስላልቻለ ለሷ መለሰላት። ስንት ነው የምትከፍይው?

ባለሱቋ ፦ ይበላል፣ ሱቁ ውስጥ ይተኛል። የቀረውን ቤተሰቡ ዘንድ እልካለሁ።

አጎት ፦ የሁለት ወሩን እንዳልላክሽ እናትሽ ነግራኛለች። እስኪ ይሄን አስቢ፤ ሱቅሽ ውስጥ ስንት ሰው አለ? አንቺና እሱ። አንቺ መርካቶ ነሽ፣ እቁብ ነሽ፣ ግብር ቢሮ ነሽ። ከገዢው ጋር ሙሉ ቀን የሚውለው እሱ ነው። ሰው ሱቅሽን የሚያውቀው በሱ ፊት ነው። ከሁሉም ያነሰ የሚከፈለው፣ ከሁሉም ያነሰ የሚከበረው፣ ምንም መወሰን የማይችለው ደግሞ እሱ ነው። ጫማ መቀየር አይችልም። አሥር ብር መቀነስ አይችልም። «ባለቤቷ የሉም» ነው መልሱ ሁሉ። «ካልቻልሽ ተይው» ያላት ንቋት ብቻ አይመስለኝም። መቀነስ እንደማይፈቀድለት መናገር አፍሮ ነው።

ባለሱቋ ፦ ካሽ ላይ ነጻ ብለቀው ይሰርቀኛል።

አጎት ፦ እኔ መርካቶ ስገባ ሊስትሮ ነበርኩ። ከዚያ ዘመድ ጨርቅ ቤት ውስጥ አስገባኝ። አሳዳሪዬ ኃይለኛ ሰው ነበር፤ ግን አንድ ነገር አደረገልኝ። የያንዳንዱን ጨርቅ የዋጋ መነሻና መድረሻ ነገረኝ። «እዚህ ድረስ ራስህ ሽጥ፣ ከዚህ በታች ሲሆን ጥራኝ። ስትለካ ለምርቃት አራት ጣት ጨምርላቸው፣ ከኔ ነው» አለኝ። አራት ጣት ጨርቅ! ያቺን አራት ጣት ስሰጥ የሱቁ ባለቤት የሆንኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ገዢው ደግሞ «ይሄ ልጅ» እያለ ለይቶ ይፈልገኝ ጀመር። ማታ ማታ ጠርቶ «ዛሬ ሳይገዛ የወጣው ማነው? ምን ፈልጎ አጣ?» ይለኛል። የተሸጠውን አይደለም የሚጠይቀኝ፤ እሱን ሒሳቡ ይነግረዋል። ያልተሸጠውን ነው የሚጠይቀኝ። እየነገርኩት እየነገርኩት ሳላውቀው ንግድ ተማርኩ።

ባለሱቋ ፦ ሳይገዛ የወጣውን... እኔ ማታ የምጠይቀው ስንት ገባ ብዬ ብቻ ነው።

አጎት ፦ እንግዲያው የሄዱት ሰዎች ሱቅሽ ውስጥ ሳሉ ያያቸው አንድ ሰው አለ፤ እሱን ደግሞ ጠይቀሽው አታውቂም።

ባለሱቋ ፦ ሌላም አለ፣ ራሴው ልናገረው። ቴሌብር። ከ2013 ወዲህ ሰው ጥሬ ገንዘብ መያዝ እየተወ ነው፣ በስልክ ልክፈል ይላል። ክፍያው የሚገባው በኔ ስልክ ነው። ልጁ ገንዘቡ መግባቱን ሊያረጋግጥ ይደውልልኛል። እቁብ ላይ ከሆንኩ አላነሳም። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃው ተጠቅልሎ፣ እኔን እየጠበቀ ይቆማል። አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ።

አጎት ፦ ከፍሎ እንደ ሌባ ይቆማል!

ባለሱቋ ፦ እንደ ሌባ። አንዱ መምህር እንዲህ ቆሞ «ግዴለም፣ ሌላ ቀን እወስደዋለሁ» ብሎ ሄዶ ነበር። ብሩን ማታ መለስኩለት። ዕቃውን ሊወስድ ግን ተመልሶ አልመጣም።

አጎት ፦ ጥሩ። አሁን መናገር ጀመርሽ። ዶላሩን ማውረድ አትችይም፤ ኪራዩን መቀነስ አትችይም። ይሄ ሁሉ ግን በእጅሽ ነው።

ባለሱቋ ፦ ስንት ድረስ ይወስን ይላሉ? ልጁ?

አጎት ፦ በአንድ ጫማ እስከ 300 ብር ድረስ ሳይጠይቅሽ ይቀንስ። ቁጥር መቀየርም ያለ ጥያቄ።

ባለሱቋ ፦ 300! ትርፌ ስንት ሆነና? 100 ይቀንስ።

አጎት ፦ ሴትየዋ የሁለት ልጆች ጫማ ነው ይዛ የተሻገረችው።

ባለሱቋ ፦ 150። ቁጥር መቀየሩን እቀበላለሁ፤ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ከሆነና ካልተለበሰ።

አጎት ፦ ገጠር ያለ ሰው በሦስት ቀን ከተማ አይመለስም። ገበያ የሚወጣው በሳምንት ነው።

ባለሱቋ ፦ እሺ፣ ስምንት ቀን። 200 ብር። ከዚያ በላይ አልሄድም።

አጎት ፦ ደመወዙስ?

ባለሱቋ ፦ ከአረፋ በኋላ እንየው።

አጎት ፦ ከአረፋ በፊት። በባዶ እጁ ነው እናቱ ዘንድ ገብቶ በዓል የሚውለው?

ባለሱቋ ፦ ነገ እሰጠዋለሁ። የሁለቱንም ወር። ግን እኔም አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ ሰው ሱቅ ውስጥ ካለ ስልኩ ይዘጋል።

አጎት ፦ ሲያወራበት ከሆነ ይዝጋ። ጨርሶ አታዘጊው ግን፤ የቴሌብሩ መልእክት በየትኛው ስልክ ሊገባ ነው?